የባልዲው ልክ

የጭነት መኪናው ግቢው ውስጥ ገብቶ የኋላ በሩ ሲከፈት፣ ከረጢቶቹን ያየ ሁሉ በልቡ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን ረዥሙ ተሸካሚ ብቻ ነበር።

«ለእነዚህ ነው ሦስት ሰው የጠራችሁት?»

እውነቱን ነው፤ ከረጢቶቹ የሲሚንቶ ከረጢት ታናሽ ወንድም ይመስሉ ነበር። ቁመታቸው ከግማሹ ብዙም አያልፍም። ረዥሙ ተሸካሚ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ «ሁለት ሁለት ጫኑልኝ፣ ምሳ ሳይደርስ እንገላገለው» አለ። አንዱን ሲጭኑለት ቻለው። ሁለተኛውን ሲደርቡበት ጉልበቱ እጥፍ ብሎ፣ ትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ሹፌሩ ይህችን ሰዓት ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። «በሄድኩበት ሁሉ አንድ ሰው ሳያንበረክክ አይወርድም» አለ፣ በሩ ላይ ተደግፎ። «በመልኩ አትናቀው።»

ከረጢቶቹ አጠገብ ቆማ የምትቆጥረው ሴት ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ለሳኝ ናት። በየግንባታው በስሟ የሚጠራት የለም፤ ውሃልክ ነው የሚሏት። የለሰነችው ግድግዳ ላይ ውሃ ልክ ቢያስደግፉበት አረፋዋ ከመሃል ንቅንቅ አትልማ። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። እሱ አሁን ስላረጀ መወጣጫ ላይ አይወጣም፤ ልስን ማቡካቱን ግን ለማንም አላስረከበም። «ግድግዳ የሚሠራው እዚህ ነው» ይላል፣ ጭቃው የሚቦካበትን መሬት በእግሩ እየመታ። «እዚያ ላይማ መለጠፍ ብቻ ነው።»

ይህ የሕክምና ቤት ሥራ በራሷ ስም የተረከበችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ከክፍሎቹ ሁሉ ያሳሰባት አንድ ብቻ ነው፤ የራጅ ክፍሉ። ጨረር ከዚያ ክፍል አምልጦ እንዳይወጣ ግድግዳዎቹ በተለየ ልስን እንዲለሰኑ ተወስኗል። ዱቄቱም የመጣው ለዚሁ ነው።

«ስሙ ማነው?» ሲል ጠየቀ አባቷ፣ ከተቀደደ ከረጢት ጥቂት ዘግኖ በጣቶቹ እያሸ።

«ባራይት» አለ ሹፌሩ። «ከመሬት ሲወጣ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። በመጠን አንድ የሚሆኑ ሁለት ድንጋዮች ብታነሱ፣ ተራው አንድ ኪሎ ሲመዝን ይሄኛው ኪሎ ተኩል ያልፋል። እኔ ለብዙ ጊዜ ያመላለስኩት ለጉድጓድ ቆፋሪዎች ነበር። ዘይት ፍለጋ መሬቱን ሲበሱት ከታች ያለው ጋዝ ፈንድቶ ልውጣ ይላል። እነሱ ይሄን ጭቃ ውስጥ በጥብጠው ጉድጓዱን ይሞሉታል። ጭቃው ከበድ ብሎ ጋዙን ቁጭ በል ይለዋል።»

«ጎበዝ ሽማግሌ ነዋ!» አለ አባቷ።

«ቀለም ውስጥም አለ። ጎማ ውስጥም፣ የፍሬን ሸራ ውስጥም ይገባል» ሲል ቀጠለ ሹፌሩ።

«ሁሉ ቤት የሚገባ ነገር» አለ አባቷ ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ፣ «ወይ በጣም ደግ ነው፣ ወይ ነገር አመላላሽ ነው።»

የውሃልክ ታናሽ እህት በዚህ መሃል ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ከአሮጌው ሕንፃ መጣች። የራጅ ባለሙያ ናት፤ ክፍሉ ሲያልቅ የምትሠራበት እሷ ነች። ሥራውን ለታላቋ ያስገኘችላት ግን እሷ አይደለችም። እንዲያውም የእህቷ ስም በጨረታው ውስጥ ሲነሳ ሰው እንዳያማት ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢውን አልረገጠችውም ነበር።

«እኛም እናውቀዋለን» አለች ከረጢቱን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ። «አጣርተው ያዘጋጁትን በውሃ በጥብጠን ለበሽተኛ እናጠጣለን። ጨጓራና አንጀት በራጅ ፎቶ አይታይማ። ይሄ ሲገባበት ግን ነጭ ሆኖ ጎልቶ ይታያል።»

«ድንጋይ ታጠጣላችሁ?» አለ ረዥሙ ተሸካሚ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ትከሻውን እያሸ። «አይጎዳም?»

«አይሟሟም እኮ። እንደገባ ይወጣል።»

«እንደ እኔ ምክር ነው በይኛ» አለ አባቷ። «በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ።»

ታናሽየዋ ሳቀችና የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። ውሃልክ ተከተለቻቸው። የራጅ ክፍሉ ገና ራቁቱን ነበር፤ ብሎኬቱ እንደ ጥርስ ተገጥግጦ ይታያል። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ማሽኑን የሚያሠሩበት ናት። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ አራተኛው ይባል ነበር። በማሽኑ በኩል የኤሌክትሪክ መስመር ስለተቀበረበት፣ እሱ ብቻ የሚለሰነው ከጠባቧ ክፍል በኩል ነው።

ታናሽየዋ ባዶ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበትና ጀርባዋን ለብሎኬቱ ሰጠች። «ወንበሬ እዚህ ነው የሚሆነው። ከጠዋት እስከ ማታ።»

አባቷ ከኪሱ ሚስማር አወጣ። እጁን አናቷ ላይ አድርጎ ቁመቷን ለካና ብሎኬቱ ላይ ጠለቅ ያለ ጭረት ጫረበት፤ ልጆች ሳሉ የበሩ መቃን ላይ ያደርግ እንደነበረው። «ከዚህ በታችም ከዚህ በላይም አደራሽን» አለ ወደ ውሃልክ ዞሮ። እየቀለደ ነው። ግን አልሳቀም።

ሥራው ተጀመረ። ከጨረር ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣችው ወረቀት አጭር ናት፦ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ አራት ባልዲ ባራይት፣ በሦስት ዙር እንዲለሰን። አሸዋ የሚባል አይገባም። ውሃልክ ወረቀቷን ለአባቷ አነበበችለት፤ እሱም ሁለቴ ደግሞ አስነበባት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግድግዳዎች ሲሠሩ ባልዲውን የምትሞላው እሷ፣ የሚያቦካው እሱ ነበር። ጭቃው እልኸኛ ነው። የልስን ማንኪያው ላይ ሲያርፍ የእጇን አንጓ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ክብደት ሸርተት ይላል። ገና ሳይጠነክር ሁለተኛውን ዙር የደረቡበት ቦታ ተገምሶ እግሯ ሥር ተዘረጋ። ያን ቀን አባቷ ከመሬት ቀና ብሎ «በጣም የሚያከብርሽ ነው፣ እግርሽ ላይ ወደቀ» አላት። ማታ ቤቷ ስትገባ የቀኝ እጇ ጣቶች መብራት ለማብራት እንኳ አልታዘዝ አሏት። ሦስቱ ግድግዳዎች ሲያልቁ ግን ሰውነቷ ልኩን ተምሮ ነበር፤ ቀጠን አድርጎ መለጠፍ፣ እስኪጠነክር መታገሥ፣ መድገም።

አራተኛው ላይ ሲደርሱ የጠባቧ ክፍል በር ፍሬም ተጣምሞ ተገኘና እሱን ስታስተካክል አረፈደች። አባቷ «አንቺ እዚያ ጨርሺ። ባልዲ መሙላት ለእኔ ሊጠፋኝ ነው? አንቺ ሳትወለጂ የሞላሁት ባልዲ ቢደረደር ከዚህ ገበያ ይደርሳል» አለ። ተወችለት።

የዚያን ዕለት ጭቃ አትረሳውም። ማንኪያዋ ላይ ቀለል ብሎ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እንደ ቅቤ ተቀባ። የአንዲት ጣት ያህል እንኳ አልተንሸራተተም። ለሦስት ቀን አንድ አንድ ዙር እያደረጉ ጨረሱት፤ በሦስቱም ቀን አባቷ ባልዲውን ሞልቶ አቦካ፣ እሷ ለሰነች።

«አባባ፣ ያንተ እጅ ሌላ ነው» አለችው መጨረሻ ላይ፣ ከልቧ።

«ነገርኩሽ» አለ። ከደስታው ብዛት ባልዲውን ራሱ አጠበው።

አራት ቀን አለፈ። ሰኞ ጠዋት የግንባታው ፎርማን ቀለም ቀቢዎቹን ለማክሰኞ ቀጥሮ፣ በየክፍሉ እየዞረ ጣቱን በየግድግዳው ላይ ይጎትት ነበር። ፎርማኑን ሠራተኛው ሁሉ በሌለበት ቶሎቶሎ ነው የሚለው፤ በአንድ ንግግር ውስጥ ይህችን ቃል ከአምስት ጊዜ በታች ብሎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ሁልጊዜ ግን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነው የሚራመደው።

«ውሃልክ፣ ጎበዝ» አላት። «ሲሚንቶው አነሰ ስትሉ ነበር፤ ከባዱ ዱቄት ግን ተርፏል። ዘጠኝ ከረጢት። ሌላ ሥራ ላይ እናውለዋለን።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ። ቶሎ ወደ መጋዘን ይግባ፣ ዝናብ እንዳይመታው።»

ዘጠኝ ከረጢት ሊተርፍ አይችልም። አስልታ ያዘዘችው እሷ ናት፤ ለብክነት ብላ የጨመረችው ሁለት ከረጢት ብቻ ነበር። ሳትሮጥ፣ ግን ሌላ ነገር ሳታይ፣ ወደ ጠባቧ ክፍል ሄደች።

አራተኛው ግድግዳ በጠዋት ብርሃን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀረብ ስትል ግን ላዩ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አየች፤ የሸረሪት ድር ግድግዳው ላይ የተኛ ይመስላል። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ እንዲህ እንደሚሆን ታውቃለች። ግድግዳው ሥር፣ ሳይጠረግ የቀረ የደረቀ ፍንካች ነበር፤ ስትለስን ከማንኪያዋ የወደቀ። አነሳችው። ወደ ራጅ ክፍሉ ገብታ ደግሞ ከሦስተኛው ግድግዳ ሥር መጠኑ የሚተካከለውን ፈልጋ አነሳች። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዛ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። እጅ አቀያየረች፤ ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ።

የአራተኛው ቀለለ። በየትኛውም እጅ ብትይዘው ቀለለ።

ያን ጊዜ ነው ሦስቱ ቀናት የመጡባት፤ እንደ ቅቤ የተቀባው ጭቃ፣ ያልታመመው አንጓዋ። እጇ ሲነግራት ነበር። እሷ ግን ሥራው ሲቀልላት ጉብዝና መስሏት ተደሰተች።

አባቷ ግቢው ጥግ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል። ምንም አልነገረችውም። «አባባ፣ የምትለጠፍ ቦታ አለች፤ አንድ ባልዲ ባራይት ሙላልኝ» አለችው ብቻ፤ ቆማም አየችው።

አካፋውን አነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አካፋ አስገባ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የባልዲውን ጆሮ ይዞ ከመሬት ትንሽ ብድግ፣ መልሶ ዝቅ አደረገው። ይህችን ነገር ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃታለች፤ የእጁ አመል ናት። የሚያውቋት ሌሎች ለሳኞችም በአድናቆት ያወሯታል፦ ሽማግሌው ባልዲ አይተው አይሞሉም፣ ክንዳቸው ነው የሚነግራቸው፣ አንድ ጭብጥ አሸዋ አይዛነፉም። አሁንም አንድ አካፋ ጨመረና ብድግ አደረገው። ክንዱ በቃ አለው። አካፋውን አስቀመጠ።

«ያው ሞላልሽ።»

ውሃልክ ባልዲው ውስጥ ተመለከተች። ዱቄቱ ከግማሽ ጥቂት ነበር ያለፈው።

አርባ ዓመት አሸዋ የመዘነ ክንድ ነው። የአሸዋን ባልዲ ክብደት ያውቃል። ይህ ዱቄት ገና ባልዲው ሳይሞላ ያንን ክብደት ደረሰበት፤ ክንዱም እንደ ለመደው ሞልቷል አለው። ዓይኑ ቢያይ ኖሮ ያርመው ነበር። ግን ዓይኑ ላይ ሞራ እንዳለ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትጠረጥራለች፤ ቡና ሲቀዳለት ስኒውን በጣቱ ሲፈልግ አይታዋለች። እሱ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

«እሺ አባባ» አለች፣ ባልዲውን ይዛ ሄደች።

ፎርማኑን ያገኘችው ደረጃው ሥር ነው።

«አራተኛው ግድግዳ ይፈርሳል» አለችው።

«የቱ? ያ የሚያምረው?»

«ባራይቱ ጎድሏል። ከሚያስፈልገው ከግማሽ ጥቂት የሚያልፍ ነው የገባበት። ከተረፈህ ዘጠኝ ከረጢት ሰባቱ እዚያ ውስጥ መሆን የነበረባቸው ናቸው።»

ፎርማኑ ዙሪያውን አየ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ውሃልክ። ቀለም ነገ ነው። የጨረር መርማሪው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሦስቱ ግድግዳ ደህና ነው አይደል? ይኸኛውም ባዶ አይደለም፣ ግማሹ አለበት። ሰውየው ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ ነው የሚሄደው። ግድግዳ አፍ የለውም።»

«የሰውየው መለኪያ አፍ አለው።»

«ቢናገርስ? ያኔ እናፈርሰዋለን። አሁን ለምን ቶሎ ብለሽ በራስሽ ላይ ትናገሪያለሽ?»

«ባይናገርስ?» አለች።

ፎርማኑ ወደ ጠባቧ ክፍል በር ዞሮ አየ። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃል። ጭንቅላቱን አከከ። «አርብ ማታ ከዚያ ክፍል ወጥታችሁ ካልጠበቃችሁኝ ግን…»

«ሐሙስ እንጨርሳለን። ዛሬ ይፈርሳል፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሦስት ዙር። ያንተን ቀቢዎች ከላይኛው ፎቅ አስጀምራቸው።»

ይህን ስትናገር ድምፏ ከፍ አላለም፤ ግን አንድም ቃል አላደናቀፋትም። ፎርማኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል አያት። «አባትሽስ?» አለ። «ጋሼ ይሰማሉ እኮ።»

የቀረው እሱ ነበር። ከግድግዳው ይልቅ የከበዳት እሱ ነበር።

ወደ በርሜሉ ስትሄድ የሚባሉ ነገሮችን ሁሉ አሰበች። ከረጢቱ ትክክል አልነበረም ልትለው ትችላለች። እሱን ቤት ልካ በሌሊት ልታስፈርሰው ትችላለች፤ ግን ነገ መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ሲዳስሰው እርጥቡን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢለው አያምንም። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ ይኸኛው ደርቋል፣ ቢሆንም መነገር አለበት።

አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለቱን ፍንካቾች በሁለት መዳፎቹ አስቀመጠችለት።

አልጠየቃትም። ዓይኑን ወደ ሰማዩ አድርጎ በእጆቹ አመዛዘናቸው። አንዴ። አቀያየራቸው። የቀኝ እጁ አውራ ጣት በቀላሉ ፍንካች ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው መዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«ይቺ የእኔ ናት» አለ በመጨረሻ።

«የእኛ ናት። ሦስት ቀን እኔ ነኝ የለጠፍኩት፤ ቀለለኝ፣ ዝም አልኩ።»

«አንቺን አልጠየቅሁሽም።» ቀላሉን ፍንካች መሬት ላይ አስቀመጠ፤ «ቅድም ባልዲ ያስሞላሽኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ስንት ነበር?»

«ከግማሽ ትንሽ ያለፈ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የሌላ ሰው ስህተት እንደሚሰማ ሰው። «ክንዴ አሸዋ መስሎት ነው» አለ። «አየሽ፣ ክንድ ይለምዳል እንጂ አይጠይቅም።» ሌላም ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ ስለ ዓይኑ። አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ አየችው። አላስጨነቀችውም። በኋላ፣ ብድግ ካለ በኋላ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የተናገረው፦ «ዓይኔም ደህና አይደለም። ይኸን ሥራ ስንጨርስ ትንሿ ሐኪም ዘንድ ትውሰደኝ።»

«እሺ።»

«አሁን መዶሻ ስጪኝ።»

«አባባ፣ ለማፍረስማ ሰው አለ።»

«መዶሻውን ስጪኝ አልኩሽ። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ይላሉ፤ እኔ ቀስ ብዬ ነው ሰንበሌጥ ያቆምኩት። የባሰ ነው።»

የመጀመሪያውን ምት የመታው እሱ ነው። ከዚያ ረዥሙ ተሸካሚ ተቀበለው፤ «ይቺን ከብዳ ሳትበቀለኝ ባፈርሳት ደስ ይለኛል» እያለ። ልስኑ በቁራጭ በቁራጭ ወረደ፤ ክፍሉ ነጭ አቧራ ሆነ። ከሰዓት ላይ ብሎኬቱ እንደገና ራቁቱን ሲቀር፣ ውሃልክ በእርጥብ መጥረጊያ ስታጥበው አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ብቅ አለ። የሚስማሩ ነበር። አባቷ በጣቱ ዳሰሰውና እዚያው ላይ ትንሽ ቆየ። 

ማክሰኞ ጠዋት ውሃልክ ስትደርስ አባቷ ቀድሟታል። ከባልዲዎቹ ሁሉ አንዱን መርጦ፣ ወፍራም የሽቦ ቀለበት አጥፎ ከውስጡ፣ ከአፉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ አጥብቆ አስሮበታል። በቀን ሠራተኞቹ ፊት ዱቄቱን በአካፋ ጨመረ። ብድግ ሊያደርገው እጁ ወደ ባልዲው ጆሮ ሄደ፤ እዚያው ላይ ቆመና ተመለሰ። በእሱ ፋንታ አውራ ጣቱን በባልዲው ውስጥ አዞረ። ሽቦው ገና ከዱቄቱ በላይ ነበር። ጨመረ። አዞረ። ሽቦው ዱቄቱ ውስጥ ሲሰጥም በእጁ ዳር ላዩን አስተካክሎ «ይኸ ነው ልኩ» አለ። ባልዲውን ለማንሳት ሲሞክር ግን አቃተው፤ ረዥሙን ተሸካሚ ጠራና «ና ወዳጅህን ውሰድ» አለው።

ጭቃው ማንኪያዋ ላይ ሲያርፍ አንጓዋ ወደ ታች ተጎተተ። ልቧ የዚያኑ ያህል ወደ ላይ ወጣ። ቀጠን አድርጋ ለጠፈች። ሸርተት ሊል ሲል በማንኪያው ጀርባ ደግፋ ያዘችው፤ እስኪቆም ጠበቀችው። ማታ ጣቶቿ እንደገና መብራት አላበራ አሏት። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሕመም ታማ አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ሦስተኛው ዙር አለቀ። ፎርማኑ በር ላይ ቆሞ አየና «ቀለሙስ?» አለ። አባቷ «ቀለም ለሚያፍር ፊት ነው፤ ይኸኛው አያፍርም፣ ቅዳሜን ይጠብቅ» አለው። አርብ ማሽኑ ተተከለ።

ቅዳሜ መርማሪው መጣ። ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ መለኪያውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር። ታናሽየዋ ማሽኑን ስታሠራ እሱ በየግድግዳው ጀርባ ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ መለኪያውን እያዘዋወረ ያነባል። ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ የሚሄድ ሰው አልነበረም። አንዱን ግድግዳ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ፎርማኑ መታገሥ አቅቶት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

መርማሪው ጠባቧ ክፍል ሲገባ ግድግዳውን በመዳፉ ነካው። «ይሄ ከሌሎቹ አዲስ ነው። ለምንድን ነው?»

ውሃልክ ልትመልስ ስትል አባቷ ቀደማት። «አበላሽቼው ነበር። አፈረስነውና ደግመን ሠራነው።»

«ምኑ ነበር የተበላሸው?»

«ባልዲው» አለ አባቷ። መርማሪው እንዳልገባው ሲያውቅ ወጥቶ ባልዲውን አመጣና ሽቦውን አሳየው፤ ክንዱ አሸዋ የለመደ መሆኑን፣ ዱቄቱ ሳይሞላ እንደሚከብድ፣ ሳያሳጥር አስረዳው። መርማሪው ጣቱን አስገብቶ ሽቦውን ዳሰሰ። ማስታወሻውን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ።

«ሌሎቹም እንደዚህ ቢያደርጉ» አለ ብቻ። ከዚያ ወደ በሩ አመለከተ። «አሁን ይህን ልለካ ነው። እናንተ ግቢው ውስጥ ብትቆሙ ይሻላል።»

ታናሽየዋ ወንበሯ ላይ ናት፤ ጀርባዋ ለግድግዳው። እሷ የትም አትሄድም፣ ሥራዋ ነው። ዓይኗ ግን ታላቋ ላይ ነበር።

ውሃልክ አባቷን አየችው። እሱም በደንብ ባያያትም ወደ እሷ ዞረ።

«እኛ እዚሁ ነን» አለች።

መርማሪው አንዴ ትከሻውን ነቅንቆ ተዋቸው። ሁለቱም ከወንበሩ ግራና ቀኝ ቆሙ። አባቷ መዳፉን ከታናሽየዋ አናት በላይ ልስኑ ላይ አሳረፈ፤ ጭረቷ ያለችበትን ቦታ ሳያይ ያውቀዋል። ታናሽየዋ አዝራሩን ተጫነችው። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ እንደ ንብ እምም አለ። መርማሪው መለኪያውን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሳ፤ ወደ ግራ ወሰደ፤ መለሰ። ጭረቷ ያለችበት ቦታ ላይ ከሌላው የበለጠ ቆየ። የመለኪያው መርፌ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ምንም» አለ። ያን ቃል ለመስማት አራት ሳምንት ሙሉ እንደሠሩ ማን ይነግረዋል?

ታናሽየዋ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለቀቀችው፤ ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። «ቀዝቃዛ ነው» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ይሞቃል» አለች ውሃልክ። «ትደገፊበት የለ?»

ከግቢው ፎርማኑ አንገቱን ብቻ በበሩ አስገባ። እግሩን ግን ደጅ ነው ያቆየው። «አለቀ? ደህና ነው? ቶሎ ንገሩኝ።»

«ግባ፣ ግባ» አለው አባቷ፣ እጁን ከግድግዳው ሳያነሳ። «አይነክስም።»